ልጄን እስር ቤት ሊያስጎበኙት ነው፤ ልፍቀድለት ወይ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኬፕታውን ነው። ባለቤቴ ሱቅ አለው፣ እኔም አብሬው እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን 12 ዓመቱ ነው፤ 7ኛ ክፍል ደርሷል። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ሮበን ደሴት ሊወስዳቸው ነው። ማንዴላ የታሰረበት ማለት ነው። የፈቃድ ፎርም ልከውልናል። እስካሁን አልፈረምኩም።

አባዬ በደርግ ጊዜ ሰባት ዓመት ታስሯል። እኔ የተወለድኩት እሱ እስር ቤት እያለ ነው። ከእናቴ ጋር ስንቅ ይዘን የምንሰለፍበት በር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ወታደሩ እንጀራውን እያገላበጠ ሲፈትሽ፣ የእናቴ እጅ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። አባዬ ከተፈታ በኋላ ስለ እስር ቤቱ አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም። ልጄ አያቱ ታስሮ እንደነበር ጭራሽ አልሰማም።

ባለፈው እሁድ ስልክ ስንደዋወል ስለ ጉዞው ለአባዬ ነገርኩት። "እስር ቤት ልጅ የሚወሰድበት ቦታ ነው እንዴ?" አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ባለቤቴ "ልጁ ከጓደኞቹ አይለይ፣ ፈርሚ" ይላል። ልጄ የሚያስበው ስለ ጀልባውና ስለ ፔንግዊኖቹ ነው። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት አኩርፎ መጣ። የክፍሉ ልጅ "አንተ ምን አገባህ፣ የእናንተ ታሪክ አይደለም" ብሎታል።

ልፈርም ወይስ ልተወው? ከፈረምኩስ ስለ አያቱ ልንገረው? አባዬን ሳላስቀይም እንዴት አድርጌ? ትምህርት ቤቱ አብረው የሚሄዱ ወላጆችም ይፈልጋል። እኔ ብሄድ ይሻላል?

እናት፣ ከኬፕታውን

መልስ፦

እህቴ፣ ፈርሚ። ይህን ያስቀደምኩት ፎርሙ የሚመለስበት ቀን ስላለው ነው። ሌላውን ተረጋግተሽ አንብቢው።

ሁለተኛው ምክሬ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ልጅሽ ጀልባው ላይ ከመውጣቱ በፊት አያቱ ታስረው እንደነበር ይወቅ። ከአንቺው አፍ ይስማው።

እዚያ ደሴት ላይ እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዕድሜ እየተጫናቸው፣ ቁጥራቸውም እያነሰ ነው፤ ግን አሁንም አሉ። አንድ ሽማግሌ ልጆቹን ሰፊ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣቸውና "እኔ የምተኛው እዚህ ነበር" ይላቸዋል። ልጅሽ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። የማያውቀው ሰው መከራ ሆዱን ያባባዋል። የገዛ አያቱ ግን በዚያው ዘመን፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ግድግዳ ውስጥ እንደነበሩ ሳያውቅ ይመለሳል። ይህ ልክ አይመስለኝም። ነገ አድጎ ከዘመድ ቢሰማና "ያን ቀን ስትሸኚኝ ታውቂ ነበር?" ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ?

እስቲ መጀመሪያ ስለ ቦታው ላውራሽ። ፍርሃትሽ ግማሹ ልጁ ምን እንደሚያይ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፤ ልጅሽ በክፍል የሚማረው በዚያ ስለሆነ።

ጀልባው የሚነሳው ከዋተርፍሮንት ነው። ደሴቱ ከብሉበርግ ዳርቻ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው፤ ቀኑ ከጠራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉዞውና ጉብኝቱ አንድ ላይ ወደ አራት ሰዓት ይወስዳል። ልጆቹን መጀመሪያ በአውቶቡስ ደሴቱን ያዞሯቸዋል። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የተቀበሩበትን ቦታ ያያሉ። ከ1846 እስከ 1931 ድረስ ሕመምተኞቹ ከሰው ተለይተው የሚኖሩት እዚያ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ ደቾች ከሩቅ ምሥራቅ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሳይቀር ያጋዟቸውን ሰዎች አስረውበታል።

አውቶቡሱ አንዲት ለብቻዋ የቆመች ቤት ጋ ሲደርስ ልጅሽ ጆሮውን እንዲያቆም ንገሪው። የሮበርት ሶቡክዌ ቤት ናት። ማርች 21 ቀን 1960 ጥቁሮች ሁልጊዜ እንዲይዙት ይገደዱ የነበረውን የይለፍ ወረቀት ቤታቸው ትተው ለመታሰር እንዲወጡ የጠራው እሱ ነው። ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው የገደለው ያን ቀን ነው። ልጅሽ በየዓመቱ ማርች 21 ትምህርት የማይሄደው ለዚህ ነው። ሶቡክዌ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱን ጨረሰ። ሊለቁት ግን አልፈለጉም። ፓርላማው ለእሱ ሲል አዲስ ሕግ አወጣና በየዓመቱ እያደሱ እስከ 1969 ድረስ እዚያች ቤት ውስጥ ብቻውን አስቀመጡት። ከሌሎች እስረኞች ጋር መነጋገር ክልክል ነበር። እስረኞቹ በአጠገቡ ሲያልፉ አፈር ከመሬት ይዘግንና በጣቶቹ መሃል ቀስ እያለ ያፈሰው ነበር። የአንድ አፈር ልጆች ነን ማለቱ ነው። ከደሴቱ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። ብዙ ጎብኚ ግን ወደ ማንዴላ ክፍል ስለሚቸኩል እንደዋዛ ያልፈዋል።

ከዚያ የኖራ ድንጋይ ካባው አለ። እስረኞቹ ለዓመታት እዚያ ድንጋይ ሲፈልጡ ኖረዋል። ፀሐይ ነጩ ኖራ ላይ እያንጸባረቀች የብዙዎቹን ዓይን ጎድታለች፤ የማንዴላንም ጭምር። በ1995 የቀድሞ እስረኞች ተመልሰው መጡና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ አስቀምጠው ሄዱ። ክምሩ ዛሬም አለ።

እስር ቤቱ ውስጥስ ምን ያያል? ባዶ ክፍሎች። ደምም፣ የማሰቃያ መሣሪያም ተደርድሮ አይጠብቀውም። የማንዴላ ክፍል ሦስት እርምጃ ነው ርዝመቱ። ሲተኛ ጭንቅላቱ አንዱን፣ እግሩ ሌላውን ግድግዳ ይነካ ነበር። ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፤ ያ ነው። በፍርግርጉ በኩል አይተው ያልፋሉ።

ልጆችን የሚያስደነግጣቸው ብዙውን ጊዜ ትንሹ ነገር ነው። ለምሳሌ የምግቡ ዝርዝር። አፓርታይድ እስረኛውንም በቀለም ለያይቶ ነበር የሚመግበው። ለሕንዶቹና ለክልሶቹ ዳቦ ነበረ፤ ለጥቁሮቹ አልነበረም። ስኳሩም ይለያል። ልብሱም እንደዚያው። ከማንዴላ ጋር የተፈረደበት አሕመድ ካትራዳ ትውልዱ ከሕንድ ስለሆነ ረጅም ሱሪ ተሰጠው። ከእሱ በዕድሜ የሚበልጡት ጥቁሮች ግን እንደ ልጅ ቁምጣ ለበሱ። የ12 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ "ለምን?" ማለቱ አይቀርም። ቢጠይቅ ደግሞ ደስ ይበልሽ።

የሚያበረታው ነገርም ሞልቷል። ልጅሽ ኳስ የሚወድ ከሆነ እስረኞቹ ለዓመታት ጠይቀው ጠይቀው ኳስ መጫወት እንደተፈቀደላቸው ይስማ። የራሳቸውን ፌዴሬሽን መሠረቱ። ስሙን ማካና አሉት፤ ከደሴቱ ለማምለጥ ሲል ባሕር ውስጥ በሞተው የጦር መሪ ስም። በፊፋ ሕግ እየተመሩ በዲቪዚዮን ተከፋፍለው ተጫወቱ። በ2007 ፊፋ የክብር አባልነት ሰጣቸው። ዲክጋንግ ሞሴኔኬም አለ። ሲታሰር 15 ዓመቱ ነበር፤ ከልጅሽ በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣል። አሥር ዓመት ተፈርዶበት ትምህርቱን እዚያው ደሴት ላይ ተማረ። በኋላ የደቡብ አፍሪካ ምክትል ዋና ዳኛ ሆኗል።

አሁን ወደ አባትሽ ጥያቄ ልምጣ። "እስር ቤት ልጅ የሚወሰድበት ቦታ ነው እንዴ?" ብለዋል። የሚገርመው፣ የሮበን ደሴት አለቆችም አይደለም ነበር የሚሉት። ከ2 ዓመት በላይና ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እስረኛ መጠየቅ ክልክል ነበር። ማንዴላ ሲታሰር ዜናኒና ዚንድዚ ገና ሕፃናት ነበሩ። አባታቸውን መጎብኘት የቻሉት ለአካለ መጠን ሲቃረቡ ነው። አዋቂ ጠያቂም ቢሆን መጀመሪያ አካባቢ የሚፈቀደው በስድስት ወር አንዴ ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት፣ መሃላቸው መስተዋት ሆኖ፣ ስለ ቤተሰብ ብቻ። ደብዳቤውም በስድስት ወር አንድ፣ ያውም ከ500 ቃል ሳያልፍ። ሳንሱሩ ያልወደደውን ቦታ በምላጭ እየቆረጠ ያወጣው ነበር።

ቅድም ያነሳሁት ካትራዳ 26 ዓመት ታስሯል፤ 18ቱን እዚያው ደሴት ላይ። ከእስር ሕይወቱ ሁሉ የከበደው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የልጆች አለመኖር ነው ይል ነበር። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ልጅ በዓይኑ አላየም። በ1997 ቦታው ሙዚየም ሲሆን የሙዚየሙ ምክር ቤት ሰብሳቢ የሆነውም እሱ ነው። ደሴቱ የመከራችን ሐውልት ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም፤ የሰው ልጅ መንፈስ ክፋትን ያሸነፈበት ቦታ ሆኖ ይታወቅልን ብሎ ተናግሯል። ዛሬ በዚያ ኮሪደር ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተንጫጩ ያልፋሉ። ይህ እንዲሆን የፈለጉት በሩን ከውስጥ ሆነው ያዩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አባትሽ ይህን ቢሰሙ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ እያልኩሽ አይደለም። ብቻ ይስሙት።

ልጅሽን "የእናንተ ታሪክ አይደለም" ስላለው ልጅም አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለው ቃል እንዴት እንደሚያቆስል አውቃለሁ። እዚያ አገር በስደተኛ ላይ የደረሰውን ሁላችንም ስለምናውቅ የልጅ ነገር ብሎ ማለፍም ይከብዳል። ልጅሽ ግን ባዶ እጁን አይደለም የሚሄደው። ማንዴላ በ1962 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ከአገሩ ተደብቆ ወጥቶ አዲስ አበባ መጥቷል። ወደ አዲስ አበባ የበረረው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያይ እንደደነገጠ ራሱ ጽፏል፤ በሕይወቱ ጥቁር አብራሪ አይቶ አያውቅም ነበርና። የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበር፤ ስሙም ዴቪድ ሞትሳማዪ ይላል። ኮልፌ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ የወታደር ትምህርት ጀመረ። ኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ኃላፊው ነበሩ። ስድስት ወር ሊቆይ ነበር የታሰበው፤ ሳይጨርስ ግን ከአገሩ ቶሎ ና ተባለ። ሲሄድ ሽጉጥና ጥይት ሰጥተው ሸኙት። ብዙም ሳይቆይ ኦገስት 5 ቀን ተያዘ። አምስት ዓመት ሲፈረድበት ሁለቱ ዓመት ያለ ሕጋዊ ፓስፖርት ከአገር ወጥተሃል ተብሎ ነው። ይህን ፍርድ እየፈጸመ ሳለ ነው መጀመሪያ ወደ ደሴቱ የተወሰደው። የዕድሜ ልክ እስራቱ የመጣው በ1964 ነው።

ስለዚህ የማንዴላ እስር ሲቆጠር አንዱ ክር ኮልፌ ድረስ ይደርሳል። ልጅሽ ይህን ይወቅ። ግን ለመፎካከሪያ አትስጪው። "እኛ ነን ያሠለጠንነው" እያለ ክፍል ውስጥ እንዲጎርር አይደለም። አስጎብኚው "ጥያቄ ያለው?" ሲል እጁን አውጥቶ ስለ ኮልፌ እንዲጠይቅ ነው። የሚሰማው መልስ ከእኔም ካንቺም ንግግር ይበልጥበታል።

ታደሰ ብሩም ቢሆኑ መጨረሻቸው ያው እስር ነበር። በንጉሡ ጊዜ ታሰሩ፤ በ1975 ደርግ ረሸናቸው። ያስተማሩት ሰው ሮበን ደሴት ላይ ድንጋይ እየፈለጠ ነበር ያኔ።

የደሴት እስርም ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸውን ወደ ጣሊያን አግዟል። ብዙዎቹ ሰርዲኒያ አጠገብ ያለችው አዚናራ ደሴት ላይ ነው የወረዱት። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከነልጆቻቸው ከእነዚህ መሃል ነበሩ፤ በ1940 እዚያው ጣሊያን አገር አረፉ። ልዑል ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ታስረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁም እንደዚሁ ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ ታስረው ነበር። በ1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ደግሞ እሱም ወደዚያችው ፖንዛ ተወስዷል። ይህችን ለልጅሽ ንገሪው፤ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ወደ ዋናው ልመለስ። እንዴት ትነግሪዋለሽ?

የአባትሽ ታሪክ የአባትሽ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ምን እንደደረሰባቸው መናገርም ዝም ማለትም የእሳቸው መብት ነው። ከግድግዳው ወዲህ ያለው ግን ያንቺ ነው። ሰልፉ ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። የእናትሽን ቀሚስ ይዘሽ፣ ምሳ ዕቃውን እያየሽ ያደግሽው አንቺ ነሽ። ይህን ለልጅሽ ለመናገር የማንንም ፈቃድ አትጠይቂም። ስለዚህ ያንቺን ንገሪው። የእሳቸውን ለእሳቸው ተዪላቸው። እንዲህ ካደረግሽ አባትሽን አሳልፈሽ አልሰጠሽም፤ ልጅሽንም አላታለልሽም።

ከጉዞው አራት አምስት ቀን አስቀድመሽ ይሁን። በዋዜማው ከሆነ ከጀልባው ደስታ ጋር ተምታቶበት ያድራል። ማታ መኝታ ላይም አይሁን። ቀን፣ እጃችሁ ሥራ ላይ እያለ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስትደረድሩ ወይም መኪና ውስጥ ስትሄዱ ይሁን። ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠሽው "ቁም ነገር አለኝ" ካልሽው ይደነግጣል። እንዲህ ልትጀምሪ ትችያለሽ፦

"የምትሄድበት ቦታ ሰዎች በፖለቲካ የታሰሩበት ነው አይደል? አያትህም ወጣት እያለ እንዲህ ታስሮ ነበር። እኔ ስወለድ እስር ቤት ነበር። ከሴት አያትህ፣ ከእማማ ጋር ምግብ እናመላልስለት ነበር። አንተን የማሳንስ ልጅ ሆኜ።"

ከዚህ በኋላ ዝም በይ። ይጠይቅሽ። "ለምን ታሰረ?" ካለ የምታውቂውን ያህል ንገሪው። ያኔ መንግሥትን ተቃወማችሁ፣ እንዲህ አሰባችሁ፣ ከእነ እገሌ ጋር ታያችሁ እየተባለ ብዙ ሰው መታሰሩን ንገሪው። "ደብድበውታል?" ሊል ይችላል። "አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም" በይው። እውነት ነውና ይበቃል። የማታውቂውን እንዳትሞይለት። ለልጅ ብሎ ማሳመርም፣ ማክበድም ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ያኔ በር ላይ "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ" መባል ምን ማለት እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ፣ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ታሳሪው ተገድሏል ማለት ነበር። እናትሽ እጇ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነበር። ይህ ለ12 ዓመት ልጅ ይከብዳል። አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ሲሞላው ትነግሪዋለሽ።

ለአባትሽ ደውዪላቸው፤ ግን ፈቃድ ለመጠየቅ አይሁን። ፈቃድ ከጠየቅሽ እምቢ ማለታቸው አይቀርም፤ ከዚያ ደግሞ መጣስ ይመጣል። መጀመሪያ እናትሽን አናግሪ። እሷ ስልክ የሚነሳበትን ሰዓትና ፊታቸውን ታውቃለች። ከዚያ ለእሳቸው እንዲህ በያቸው፦ "አባዬ፣ ልጁ ይሄዳል። አንተ ታስረህ እንደነበር ነግሬዋለሁ፤ እኔ የማውቀውን ብቻ። ሌላውን እንዳይጠይቅህ አስጠንቅቄዋለሁ። መንገር ከፈለግህ ያንተ ነው።" ምናልባት ይቆጣሉ። ምናልባት ስልኩን ዳግመኛ ለእናትሽ ይሰጣሉ። ይሁን። አንቺ ግን ድብቅ ነገር አላደረግሽም።

ዝምታቸውን እንደ ንቀት ወይም እንደ ኩራት አትቁጠሪባቸው። ያንን ትውልድ እስቲ አስቢው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የታሰረው ሰው ተፈትቶ ቢያንስ እውነቱን የሚሰማ ኮሚሽን ተቋቋመለት። እስር ቤቱ ሙዚየም ሆነ፣ በ1999 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ እሱም አስጎብኚ ሆኖ ደመወዝ አገኘበት። የእኛው ሰው ግን ከእስር ሲወጣ ያሰረው መንግሥት ገና ሥልጣን ላይ ነበር። ስለ እስሩ ማውራት ሌላ እስር ያመጣ ነበር። አፉን ዘግቶ ልጆቹን አሳደገ። ከርቸሌ ውስጥ የነበረው ዓለም በቃኝ ፈርሷል፤ ቦታው ላይ በ2012 የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ተመርቋል። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ግቢ ነው። እዚያ ታስሮ የነበረ ሰው ዛሬ የልጅ ልጁን ይዞ "ይኸው፣ እዚህ ነበርኩ" የሚልበት ክፍል የለውም። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል። መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ ካስጎብኚዎቹ መሃልም በዚያ ዘመን የታሰሩ ሰዎች ነበሩበት። አዲስ አበባ ስትሄጂ ልጅሽን ውሰጂው። አባትሽን ግን "አብረን እንሂድ" ብለሽ አትጎትቻቸው። ራሳቸው ካሉ ብቻ።

ልጅሽ ከደሴቱ ሲመለስ "ምን ተሰማህ?" እያልሽ አታስጨንቂው። ምሳውን በልቶ፣ ስለ ፔንግዊኖቹ አውርቶ፣ ምናልባት ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። ያኔ ከፈለገ ለአያቱ የድምፅ መልእክት ይላክላቸው። ስላየው ነገር ይንገራቸው፤ ከፈለገም አንድ ጥያቄ ይጨምርበት። ጥያቄው ቀላል ይሁን። "እናንተም እስር ቤት ውስጥ ኳስ ትጫወቱ ነበር?" ወይም "እዚያ የተማርከው ነገር አለ?" ዓይነት። በእኛም እስር ቤቶች እስረኛ እስረኛን ፊደል ሲያስቆጥር፣ ቋንቋ ሲያስተምር፣ ሹራብ ሲሠራ ኖሯል። ለሴት ልጃቸው ያልመለሱትን ለልጅ ልጃቸው ሲመልሱ ያየኋቸው አባቶች አሉ። ካልመለሱም ልጁ እንዳይከፋው አስቀድመሽ ንገሪው።

ለአስተማሪውም አጭር ማስታወሻ ጻፊ። "የልጄ አያት በኢትዮጵያ የፖለቲካ እስረኛ ነበሩ፤ ጉብኝቱ ሊነካው ይችላል" ብቻ በይ። በክፍል ፊት እንዳያወሩት ግን አደራ በያቸው። ልጁ ራሱ መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ሌላ ሰው አያውጅለት። ያ "የእናንተ ታሪክ አይደለም" የሚለው ነገር ከተደጋገመ እሱንም ሳትፈሪ ለትምህርት ቤቱ አሳውቂ።

የጀልባውን ነገር በአጭሩ፦ ጠዋት ቅባት ያለው ነገር አታብዢለት፣ ዝንጅብል ቢይዝ ጥሩ ነው። ባሕሩ ላይ ንፋሱ ይበርዳል፤ ጃኬት ያስፈልገዋል። ካባው ጋ ደግሞ ነጸብራቁ ዓይን ይወጋል፤ ኮፍያ ይያዝ። ምሳውን ከቤት ቋጥሪለት፤ ጾም ከሆነም በዚያው ልክ። ባሕሩ ካስቸገረ ጉዞው በዚያው ቀን ጠዋት ሊሰረዝ ይችላል። ይህንንም አስቀድሞ ይወቅ፤ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ከሚያለቅስ።

አብረሽ ትሂጂ ወይ ላልሽው፣ በዚህኛው አትሂጂ። ባለቤትሽ ይሂድ፤ ሱቁን አንድ ቀን አንቺ ያዥለት። ልጁ ያን ቀን ክፍሎቹን ይይ እንጂ ያንቺን ፊት እየጠበቀ አይዋል። በሩ ላይ ስትደርሺ ምን እንደሚሰማሽ አንቺም አታውቂም። ለዚያ ደግሞ ሠላሳ ልጅ መቁጠር የሌለብሽ ቀን ያስፈልግሻል። ሌላ ጊዜ፣ ከምታምኛት ጓደኛሽ ጋር፣ ለራስሽ ሂጂ። ትኬቱን ግን ቀደም ብለሽ ቁረጪ፤ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ቶሎ ይሞላል።